ኦክስጅን የደረሰኝ ሳምንት

አባዬ ፒያሳ ውስጥ ወርቅ ሠሪ ነው። በሠራባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ሰው ተመልሶ መጥቶ “ጌታቸው፣ ወርቅህ ወርቅ አይደለም” ብሎት አያውቅም። ሀብቱ ይህ ስም ነው። ሱቃችን ጠባብ ናት፣ ሰሌዳችን ቀለሙን ለቋል፣ ሰው ግን ስሙን እየጠየቀ ይመጣል። እኔ ታዲያ ይህን ስም በአንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ማኪያቶ እስኪቀዘቅዝ በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ፣ ልቀብረው ትንሽ ነበር የቀረኝ። በስንፍና ቢሆን ኖሮ አፍሬ ዝም እል ነበር። ያደረግኩት ግን በማጥናት ነው። ልጆቻችሁን “አጥኑ” እያላችሁ የምትጨቀጭቁ ወላጆች፣ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ጭቅጭቁን ገታ አድርጉት።

ነገሩ የተጀመረው በዕጣ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል የኬሚስትሪ መምህራችን ቲቸር ሰናይት ዕጣ ትወዳለች። ሰሌዳ ማን ያጥፋ፣ ፊት ማን ይቀመጥ፣ ሁሉም በዕጣ ነው። ያን ሰኞ የሞለኪውሎችን ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ የአንዱን ልጅ ኮፍያ ሞላችና፣ “የደረሳችሁን ሞለኪውል አቶሞቹን ምን እንዳያያዛቸው በሞለኪውላዊ ምሕዋር ቲዎሪ ታስረዳላችሁ። ለሚቀጥለው ሰኞ” አለችን።

አጠገቤ የምትቀመጠው ቤቲ ሃይድሮጅን ደረሳት። ሃይድሮጅን ማለት ሁለት አቶም፣ ሁለት ኤሌክትሮን፣ አለቀ። ተቀምጠው ሳይመቻቹ የሚጨርሱት ሥራ ነው። እኔ ወረቀቴን ስፈታው ኦክስጅን ሆኖ አገኘሁት።

“እንኳን ደስ ያለሽ” አለችኝ ቤቲ። “ሌላው ቢቀር ሲጨንቅሽ ትተነፍሺዋለሽ።”

ቲቸር ሰናይትም አልማረችኝም። “ኦክስጅን የደረሰሽ አንቺ ነሽ? አንቺ ተጨማሪ ሥራ አለብሽ። አምና በነጥብ ስንስለው የኦክስጅን ኤሌክትሮኖች ሁሉም ጥንድ ጥንድ ነበሩ። ሁሉም ጥንድ ከሆኑ ማግኔት ሊስባቸው አይገባም። እውነተኛው ኦክስጅን ግን በማግኔት ይሳባል። ለምን?”

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ዝም ማለት ግን በቤታችን ለአባዬ ብቻ የተሰጠ ተሰጥኦ ነው። “ቲቸር፣ አየር እኮ ነው። አየር በማግኔት ይሳባል?” አልኩ። ክፍሉ ሳቀ።

“ካላመንሽ አንቺው ሞክሪውና አሳይን” አለች።

በክፍላችን ካለነው ሁሉ “በምን ልሞክረው?” ብሎ ማምለጥ የማይችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እኔ። አባዬ ጋ ሁለቱም ነገር አለ። ወርቅ ለመበየድ የሚጠቀምበትን እሳት የሚያበረታለት አነስ ያለ የኦክስጅን ሲሊንደር አለው። ማግኔትም አለው፤ ከተበላሸ ኮምፒውተር ውስጥ የወጣ፣ እንደ ብስኩት ቁራጭ ያነሰ፣ ግን እንደ መንገድ ዳር ደላላ ከያዘ የማይለቅ ማግኔት። ወርቅ ሲሞረድ ከሞረዱ ላይ የብረት ብናኝ ይረግፋል። አባዬ ማግኔቱን በወርቁ ብናኝ ላይ ያዞረዋል፣ ብረቱ ይለጠፋል፣ ወርቁ ይቀራል። ምክንያቱም ወርቅን ማግኔት አይዘውም። ይህን ፒያሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሀብል ሊገዛ ሲመጣ ኪሱ ውስጥ ማግኔት ደብቆ የሚመጣ ሰው እንኳ አለ፤ ሀብሉን እያደነቀ በመዳፉ ይነካካዋል። አባዬ ያውቅባቸዋል፣ ግን እንዳላወቀ ሆኖ ወደ መንገዱ ያያል።

እስከ ሐሙስ ድረስ ያደረግኩት ነገር ቢኖር መጽሐፉን መክፈትና መዝጋት ነው። መጽሐፉ እንደሚለው፣ ሁለት አቶሞች ሲቀራረቡ የኤሌክትሮኖቻቸው ማደሪያዎች ይደራረቡና ሁለት አዳዲስ ምሕዋሮች ይፈጠራሉ፤ አንዱ አስተሳሳሪ፣ ሌላው አለያዪ። አስተሳሳሪውስ እሺ። አለያዪውን ማን ጠራው? ሁለቱ ለመያያዝ ከተገናኙ በኋላ አለያዪ ማስገባት፣ ነገረኛ መሆኑ የሚታወቅ ዘመድን ሠርግ ጠርቶ ፊት ወንበር ላይ እንደማስቀመጥ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስደርስ አዲሱ ሲሊንደር በር ላይ ቆሟል። ያመጣው ሰውዬ በሩ ላይ አውርዶት ሄዷል። አባዬ የሚሠራባት ክፍል ደግሞ ከሱቁ ኋላ፣ በጠባብ የእንጨት ደረጃ ወጥተው የሚደርሱባት ናት። “ያዢልኝ” አለኝ። እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች ያዝን።

የመጀመሪያዎቹን አራት ደረጃዎች እሱ ሲወጣ እኔ ቆሜ፣ እኔ ስወጣ እሱ ቆሞ ነው ያለፍናቸው። ሲሊንደሩ በመካከላችን ይንገጫገጫል፣ አንዴ እሱን ይጎትታል፣ አንዴ እኔን ይገፋል። ከእጃችን ሊወጣ ደረሰ።

“ቁሚ” አለ አባዬ። “እግራችን ይግጠም። ግራ። ቀኝ። ግራ።”

ሲሊንደሩ ቀለለ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ያው ሲሊንደር ነው፣ ግን በመካከላችን ታቅፎ እንደተኛ ሕፃን ሆነ። እኔ ደረጃው መሀል ቆምኩ።

“አባዬ፣ ይኼ እኮ ነው።”

“ምኑ?”

“ትስስሩ።”

“መጀመሪያ እናድርሰው፣ ከዚያ ትስስሩን ታወሪኛለሽ።”

አደረስነው፣ አወራሁት። ኤሌክትሮን በአንድ በኩል ሲያዩት እንደ ማዕበል ነው። ሁለት ማዕበሎች ሲገናኙ እግራቸው ሊገጥም ይችላል፣ ላይገጥምም ይችላል። ሲገጥም በሁለቱ አቶሞች መካከል ማዕበሉ ይደረባል። ኤሌክትሮኖቹ መሀል ላይ ይበዙና ሁለቱንም አቶሞች ወደ መሀል ይስባሉ፤ አስተሳሳሪው ይህ ነው። እግራቸው ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ መሀል ላይ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፣ ቦታው ባዶ ይሆናል፣ ሁለቱ አቶሞች ያለ መጋረጃ ፊት ለፊት ይተያዩና ይገፋፋሉ፤ አለያዪው ይህ ነው። ማንም አልጠራውም። ሁለት ሰው አብሮ መራመድ ከጀመረ መግጠምም አለመግጠምም አብረው የሚመጡ ነገሮች ናቸው። ኤሌክትሮኖች ዝቅ ያለውን፣ የሚያሳርፈውን ቦታ ቀድመው ይይዛሉ። በአንዱ ምሕዋር ከሁለት በላይ አይገባም። የሃይድሮጅን ሁለት ኤሌክትሮኖች አስተሳሳሪው ላይ ይቀመጣሉ፣ አለያዪው ባዶ ይቀራል፣ ትስስር አንድ።

አባዬ ሲሊንደሩን ከግድግዳው ጋር እያሰረ ነበር። “አራት ቢሆኑስ?” አለ።

“አራት ከሆኑ ሄሊየም ነው። ሁለቱ አስተሳሳሪው ላይ፣ ሁለቱ አለያዪው ላይ።”

“እኛ አራት ሆነን ብንሸከም፣ ሁለታችን እግራችን ገጥሞ ሁለታችን ሳይገጥም፣ ማለት ነው።”

“አዎ።”

“ታዲያ እነሱ የትም አይደርሱም።”

ለዚህ ነው ሄሊየም ከሄሊየም ጋር የማይያያዘው። ኩራት አይደለም፣ ሂሳቡ ዜሮ ስለሚመጣበት ነው። አባዬ ትምህርቱን ያቋረጠው ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። እኔን ሦስት ቀን የፈጀብኝን ሄሊየም ገመድ እየቋጠረ ጨረሰው። ትንሽ ከፋኝ።

ኦክስጅን ግን የእኔ ነበር፣ አላስነካሁትም። ሁለቱ ኦክስጅኖች ለትስስር የሚያዋጡት በጠቅላላ አሥራ ሁለት ኤሌክትሮን ነው። ከታች ጀምሬ አንድ በአንድ አስቀመጥኳቸው። ስምንቱ አስተሳሳሪ ላይ፣ አራቱ አለያዪ ላይ ዋሉ። ልዩነቱ አራት፣ ለሁለት ሲካፈል ሁለት፤ ድርብ ትስስር። እስከዚህ የነጥቡ ሥዕልም ይስማማል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ኤሌክትሮኖች ሲመጡ ግን ከላይ የሚጠብቋቸው ሁለት እኩል ክፍሎች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው የማይበልጥ፣ የማያንስ። ሌላ ባዶ ክፍል እያለ ማን ተጣብቦ ይተኛል? አንዱ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይዞ ለየብቻ ተቀመጡ። ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ደግሞ ራሱ እንደ ትንሽ ማግኔት ነው። የነጥቡ ሥዕል አጣምሮ የሳላቸው ሁለቱ፣ ለካ ከመጀመሪያውም አልተጣመሩም። ይህን ሳይ ደብተሬን ዘግቼ ከእንጨቱ ደረጃ በሩጫ ወረድኩ፣ ታች ምንም የምሠራው ነገር ስላልነበረ ተመልሼ ወጣሁ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሙከራውን ሠራነው። አባዬ መጀመሪያ እሳቱን ሁሉ አጠፋ። ቀጥሎ እጄን በሳሙና አሳጠበኝ፤ ኦክስጅን ባለበት ቅባት በቀላሉ እሳት ይይዛል። ቀጥሎም የሲሊንደሩን ቧንቧ ለእኔ ሳይሰጥ ራሱ ያዘ። በጎድጓዳ ሳህን የሳሙና ውኃ አዘጋጀሁና ቧንቧው ጫፍ ላይ አንዲት አረፋ ነፋን። አረፋዋ ውኃው ላይ ተቀመጠች። ማግኔቱን አስጠጋሁላት።

በዚህ መሀል ከጎን ካፌ የምትሠራው ትዕግስት የአባዬን ማኪያቶ ይዛ ወጣች። ትዕግስት ምላሷ ስለታም ነው፤ ፒያሳን ሙሉ ሙድ ትይዝበታለች። “ጋሽ ጌታቸው፣ ልብስ ማጠብ ጀመሩ?” ብላ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ማንኪያዋ ከሰሃኑ ተነሥታ ማግኔቱ ላይ ተለጠፈች።

“ይቺን እንኳ የምታስረዳበት ኬሚስትሪ ልጅቷ አታጣም” አለች ትዕግስት።

ማንኪያዋን አላቀቅንና ማግኔቱን እንደገና አስጠጋሁት። አረፋዋ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ፣ ሰው ሲጠራው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ቆይቶ ቀስ ብሎ እንደሚነሣው፣ ወደ ማግኔቱ ተንሸራተተች። ማግኔቱን ወደ ግራ ወሰድኩት፣ ተከተለችው። ወደ ቀኝ መለስኩት፣ ተመለሰች። ከአፌ በወጣ ትንፋሽ ሌላ አረፋ ነፋሁ፤ ያኛዋ ንቅንቅ አላለችም። ሁለት ብቸኛ ኤሌክትሮኖች፣ ማንም ያላያቸው፣ በወረቀት ላይ ብቻ የቆጠርኳቸው፣ ፊቴ አረፋ ይጎትታሉ። አባዬ ቧንቧውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አየና “እውነት ነው እንዴ” አለ። ከአባዬ አፍ ይህ ማለት ጭብጨባ ነው።

ለሰኞ በስልኬ ልቀርጸው አሰብኩ፣ ግን የስልኬ ባትሪ አልቆ ነበር። ለቅዳሜ አሳደርኩት። እንግዲህ ያሳደርኩት ማግኔት የት ይደር ነው ጥያቄው። መሣሪያ መደርደሪያው ላይ ሳስቀምጠው ሞረዱ ዘሎ ተለጠፈበት። መሳቢያ ውስጥ ስከተው ፒንሳዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ተጠቀለሉ። ኪሴ ውስጥ ስከተው ከቤት ቁልፍ ጋር ተቃቅፎ አልወጣ አለኝ።

“ከመሣሪያዬ አርቂልኝ” አለ አባዬ።

እኔም አሰብኩ። ያሰብኩት በሳይንስ ነው፣ ይመዝገብልኝ። ብረት የማይደርስበት ቦታ የት ነው? ታች ባንኮኒው ላይ፣ ሀብል ለደንበኛ የሚዘረጋበት ጥቁር ከፋይ የለበሰ የእንጨት ገበታ አለ። በዚያ ገበታ ላይ ከወርቅ በቀር ምንም ነገር አይቀመጥም። ወርቅን ደግሞ ማግኔት አይዘውም። ለማግኔት ከዚህ የተሻለ ሰላማዊ መኝታ አዲስ አበባ ውስጥ የለም። ከፋዩን ጫፉን ገለጥኩና ሥሩ አስተኛሁት። ለአባዬ አልነገርኩትም፤ በእንዲህ ያለ ብልህነት መኩራራት ስለማልወድ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አስካለ መጡ። ወንድ ልጃቸውን ይድራሉ፣ ጥሎሹ እሑድ ነው። በጥሎሽ ጊዜ የሙሽራው ወገን ያመጣውን ወርቅና ልብስ በሙሽራዋ ዘመዶች ፊት አንድ በአንድ እያነሣ ያሳያል፣ ሁሉም አንገቱን አስግጎ ያያል፣ ካየም በኋላ ዓመት ሙሉ ያወራል። ዕቃውን አንሥተው የሚያሳዩት የእትዬ አስካለ የሟች ባላቸው ታላቅ ወንድም ጋሽ ይልማ ናቸው። ስለዚህ አብረዋቸው መጥተዋል፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ገና ከበሩ ሁሉንም እየተጠራጠሩ።

አባዬ ሀብሉን ከሣጥኑ አወጣ። ሦስት ሳምንት የሠራው ነው። በሁለት እጁ አንሥቶ ለብርሃን አሳየና ከፋዩ ላይ ቀስ አድርጎ ዘረጋው።

ሀብሉ ተንቀሳቀሰ።

ጫፉ እንደ እባብ ራስ ዞር አለና ከፋዩ መሀል ላይ ጥብቅ ብሎ ቆመ። እትዬ አስካለ ሊያነሡት ሲስቡት አልነሣ አላቸው። ጋሽ ይልማ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ከፋዩን ገለጡት።

“ማግኔት” አሉ ቀስ ብለው።

ያን ጊዜ ነው ትዕግስት ማኪያቶ ይዛ የገባችው። በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። በፊቷ ያለውን ነገር እሷም ታውቃለች፤ ማግኔት የያዘው ነገር ወርቅ አይደለም። እሷ ካወቀች ደግሞ እስከ ምሳ ሰዓት ካፌው ያውቃል፣ ከምሳ በኋላ ፒያሳ ያውቃል።

“ጌታቸው” አሉ ጋሽ ይልማ፣ “ምንድን ነው የሸጥክልን?”

አባዬ ሀብሉን አላየም። እኔን አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

“ጋሽ ይልማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማግኔቱን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ” አልኩ። “ለኦክስጅን ነው።”

“ለምን?”

“ለኦክስጅን።”

“ኦክስጅን ሱቅ ውስጥ ምን ይሠራል?”

እዚህ ጋ አንድ አስተዋይ ልጅ “መቆለፊያውን ይዩት” ብላ በሁለት ቃል ትጨርስ ነበር። እኔ ከሃይድሮጅን ጀመርኩ። ማዕበሉን ነገርኳቸው። እግር መግጠሙን በእግሬ አሳየሁ። አንዱን እጄን አስተሳሳሪ፣ ሌላውን አለያዪ አድርጌ ኤሌክትሮኖቹን በጣቶቼ ማስቀመጥ ስጀምር ጣት አነሰኝ።

“እሷ አንዴ ከጀመረች ሄሊየም ሳይደርስ አታቆምም” አለች ትዕግስት ከበሩ። “ተቀመጡ ይሻላል፣ ማኪያቶውም እየቀዘቀዘ ነው።”

“ልጄ” አሉ ጋሽ ይልማ፣ “እኔ ስለ አየር አልጠየቅኩሽም። ነገ ይህን ሀብል በሰው ፊት የማነሣው እኔ ነኝ። ከሙሽራዋ አጎቶች አንዱ ማግኔት ይዞ ቢመጣ ምን ልበል? ኤሌክትሮን ነው ልበል?”

ጣቶቼን ሰብስቤ ወደ ከፋዩ ጎንበስ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሀብሉ ሁሉ አልተያዘም። ቀለበት በቀለበት የተያያዘው ረጅሙ ክፍል ማግኔቱ አጠገብ በሰላም ተኝቷል። የተለጠፈችው ጫፉ ላይ ያለችው መቆለፊያ ብቻ ናት።

“ልብ ብለው ይዩት” አልኳቸው። “የተያዘው ጫፉ ነው።”

“ጫፉ ላይ ያታለለ መሀሉ ላይ ምን ያግደዋል?”

አባዬ ያን ጊዜ ተናገረ። “ጋሽ ይልማ፣ መቆለፊያው ውስጥ ሞላ አለ። ተጭነው ሲለቁት የሚመለሰው በሞላው ነው። ወርቅ ለስላሳ ነው፣ ለሞላ አይሆንም። ሞላው የብረት ነው። የማንም ሀብል እንዲሁ ነው።”

“አንተማ እንዲህ ትላለህ” አሉ።

አባዬ እውነቱን ተናግሯል፣ ግን እውነቱን የተናገረው እሱ ስለሆነ አልተቆጠረለትም። ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ዓይኔን ሳነሣ ምስክሩ እትዬ አስካለ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

“እትዬ አስካለ፣ ያደረጉትን ሀብል ያውሱኝ” አልኩ።

እትዬ አስካለ አመነቱ። የራሳቸው ጥሎሽ ነው፤ ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ ከአንገታቸው አውርደውት አያውቁም ይባላል። ፈትተው ሰጡኝ። ከፋዩ ላይ ዘረጋሁት። የእሳቸውም መቆለፊያ ዞር አለችና ማግኔቱ ላይ ተለጠፈች።

እኔ “ይኸው” ልል ነበር። የእትዬ አስካለን ፊት ሳይ ተውኩት። ይህን አላሰብኩበትም። እትዬ አስካለ ሁለቱን ሀብሎች አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ወንድም ዞሩ።

“ይልማ” አሉ።

“አቤት።”

“ይህን ለእኔ ማን ነበር የገዛው?”

“ወንድሜ ነዋ።”

“ከማን ጋር ሄዶ?”

ጋሽ ይልማ መነጽራቸውን አወለቁ። “ከእኔ ጋር።”

“በዘመዶቼ ፊት ያነሣውስ?”

“እኔ ነኝ።”

“ምን ብለህ?”

ጋሽ ይልማ መነጽራቸውን በኮታቸው ጫፍ ወለወሉ። ሁለቱን ሀብሎች አዩ፣ ማግኔቱን አዩ፣ በሩን አዩ፤ በሩን ትዕግስት ይዛዋለች።

“ሞላ ነው” አሉ። “አስካለ፣ ሞላው ነው። ሰውየው እየነገረን እኮ ነው። ወርቅ ለሞላ አይሆንም፤ ለስላሳ ነው።”

“ጋሽ ይልማ ኬሚስትሪ ቶሎ ይገባቸዋል” አለች ትዕግስት።

እትዬ አስካለ ግን በዋዛ የሚለቁ አልነበሩም። “ሞላው ወጥቶ ልየው” አሉ። አባዬ ወደ ላይ ወጥቶ መሣሪያውን ይዞ ወረደ። አዲሱን መቆለፊያ በፒንሳ ፈትቶ ሞላውን በወረንጦ ሲስበው ሞላው ዘለለ። የዓይን ሽፋሽፍት ታክላለች፤ በዓይናችን አየር ላይ አየናት፣ ከዚያ የለችም። ሁላችንም ወለሉ ላይ ተንበረከክን። ጋሽ ይልማ በሙሉ ልብሳቸው ባንኮኒው ሥር ገብተው “መብራት አምጡ” እያሉ ይጣራሉ። አሁን ከሁላችንም በላይ ሞላዋን የፈለጓት እሳቸው ናቸው። እኔ ማግኔቱን አነሣሁና ወለሉን ቀስ ብዬ አዳረስኩት። ደረጃው ሥር ስደርስ ቅጭል የምትል ድምፅ ሰማሁ። አዞርኩት። ሞላዋ ተለጥፋለች።

አባዬ ሞላ የሌለውን ሀብል ከፋዩ ላይ ዘረጋው፣ እኔ ማግኔቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞርኩበት። ምንም። እንደ ተኛ ልጅ። እትዬ አስካለ የራሳቸውን ሀብል አንሥተው አንገታቸው ላይ መልሰው አሰሩት።

“ጌታቸው፣ የአዲሱን ሞላ መልሰህ ግጠምልኝና ልሂድ” አሉ። “ቤት ውስጥ ብዙ ሥራ አለብኝ።”

ጋሽ ይልማ ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡ። “ማግኔቱን እስከ ሰኞ አውሰኝ” አሉት አባዬን። አባዬ ሰጣቸው። ለሰኞ እኔ እንደምፈልገው ትዝ አላለውም፤ እኔም ከዚያ ሁሉ በኋላ “የኔ ነው” የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ሰኞ ክፍል ውስጥ ስቆም ማግኔት የለኝም፣ ቪዲዮም የለኝም። ቤቲንና አንድ ረጅም ልጅን ጠራሁና አግዳሚ ወንበሩን አሸከምኳቸው፤ መጀመሪያ እግራቸው ሳይገጥም፣ ከዚያ ገጥሞ። ቤቲ የእግር ጣቷን በወንበሩ ቀጠቀጠችው፣ አለያዪ ምሕዋር ምን እንደሆነ ግን በሕይወቷ አትረሳውም። አሥራ ሁለቱን ኤሌክትሮኖች ሰሌዳው ላይ አስቀመጥኩ። ሁለቱን ብቸኞች ለየብቻ በየክፍላቸው አስቀመጥኳቸው።

“ማግኔቱስ?” አለች ቲቸር ሰናይት።

“ጥሎሽ ሄዷል” አልኳት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ይልማ ማግኔቱን በመሐረብ ጠቅልለው መጡ። ሀብሉን በሰው ፊት ሲያነሡ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ማግኔቱን ከኪሳቸው አውጥተው ቀለበት በቀለበት አሳይተዋል። ሞላውንም አስረድተዋል። የሙሽራዋ ዘመዶች እንዲህ ያለ ግልጽ ሰው አይተን አናውቅም አሏቸው። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ደኅና ነበር።

“‘ወርቅ አይያዝም፣ ሞላ ይያዛል፣ አየርም ይያዛል’ አልኳቸው” አሉ። “በመጨረሻዋ ሳቁብኝ። የሙሽራዋ ትልቁ አጎት እስካሁን ይስቃል።”

“አየር አይደለም ጋሽ ይልማ። ኦክስጅን ነው።”

“ስሙን ተይውና አሳዪኝ። በሰው ፊት ተናግሬያለሁ።”

አባዬ እሳቱን አጠፋ። እጄን ታጠብኩ። ጋሽ ይልማም ሳይነገራቸው ታጠቡ። አረፋዋን ነፋናት፣ ማግኔቱን ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ትንፋሻቸውን ይዘው አስጠጉት። አረፋዋ ቆየት አለችና ወደ እሳቸው መጣች። ሽማግሌው ማግኔቱን ወደ ግራ ወሰዱ፣ ወደ ቀኝ መለሱ። ሦስት ጊዜ ደገሙት። አራተኛ ሊደግሙ ሲሉ አረፋዋ ፈነዳች።

“ነገ አጎትየውን ይዤው እመጣለሁ” አሉ። “ጌታቸው፣ ለእሱም ሀብል ካለህ አሳየው። ሴት ልጅ አለችው።”

እሳቸው ከወጡ በኋላ አባዬ ማግኔቱን ይዞ ወረደ። ተከተልኩት። ከፋዩ ሥር አላስገባውም። ባንኮኒው ላይ፣ ደንበኛ ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ በግልጽ አስቀመጠው። ከመሳቢያው አንዲት አሮጌ ሞላ አወጣና ጎኑ ላይ ለጠፋት። አሁን ኪሱ ውስጥ ማግኔት ደብቆ የሚመጣ ሰው የለም፣ በእኛው ይሞክራል። ሞላውን አይቶ “ይህ ምንድን ነው?” የሚል ሲመጣ፣ አባዬ ወደ ደረጃው ቀና ብሎ ስሜን ይጠራል። ከዚያ ወንበር ያቀርብለታል።

“ይቀመጡ” ይለዋል። “ከሃይድሮጅን ነው የምትጀምረው።”